የትንፋሽ ልክ በተድባበ ማርያም

ዛሬ በከተሞቻችን ዮጋ የተባለውን ጥንታዊ የሕንድ ጥበብ የሚማሩ ሰዎች ይታያሉ። በፓታንጃሊ ስም የሚታወቀው የዮጋ መጽሐፍ ከስምንቱ የጥበቡ ክፍሎች ትንፋሽን በአራተኛ ደረጃ ያስቀምጠዋል። ጀማሪው በምግባርና በአቀማመጥ ሳይገራ ወደ ትንፋሽ አይደርስም፤ ትንፋሹም በስፍራ፣ በጊዜና በቁጥር ይለካል። ለጀማሪ የትንፋሽን ልክ የማስተማር ጥበብ ግን በእኛም አገር ረጅም ታሪክ አለው። ከዚህም ታሪክ አንዱ ታላቅ ምዕራፍ የተጻፈው በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ፣ የመካነ ሰላሟ ቦረና ጎረቤት በሆነችው በሳይንት ነው።

የቤተ ክርስቲያን ተማሪም ትንፋሽን የሚማረው በደረጃ ነው። መጀመሪያ በግእዝ ንባብ እያንዳንዱን ፊደል ለይቶ ይጠራል፤ ቀጥሎ በውርድ ንባብ ድምፁን ይስባል፤ በመጨረሻ በቁም ንባብ ቃሉን ሳያንቀው ይዘልቃል። ዜማ የሚከተለው ከዚህ በኋላ ነው። መምህሩ ያዜማል፣ ደቀ መዝሙሩ ይቀበላል። ጀማሪ ከቃሉ መካከል ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ቃሉም ይሰበራል። በዚህ ዘገምተኛ የሆነ ሁሉ ተስፋ እንዳይቆርጥ የአባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫን ገድል ይመልከት፤ መጽሐፈ ሰዓታትን የደረሰው ይህ ሊቅ በሐይቅ እስጢፋኖስ ትምህርት እምቢ ብሎት ለዓመታት እህል ይፈጭ እንደ ነበር ይተርካል። ጋሥጫም በዚሁ በደቡብ ወሎ ምድር ናት።

ይህ ሁሉ ትምህርት የሚተላለፈው በቃል ነበር። ከ1521 እስከ 1535 ዓ.ም. በዘለቀው የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ጦርነት ግን በዐምሐራ ምድር ብዙ አድባራት ተቃጠሉ፤ ስመ ጥሩው መካነ ሥላሴም በ1524 ዓ.ም. የእሳት ሲሳይ ሆነ። መጽሐፍ ቢቃጠል ሌላ ቅጂ ይፈለጋል። በቃል የተያዘ ዜማ ግን ከባለቤቱ ትንፋሽ ጋር ይጠፋል።

በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1533–1551 ዓ.ም.) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ተነሥተው የድጓን ምልክት እንደ ጀመሩ፣ ለተድባበ ማርያም ካህናትም እንዳስተማሩ አጭሩ ዜና መዋዕል ይመሰክራል። የአጥቢያው ትውፊት የዚችን አምባ ታሪክ እስከ ኦሪት ዘመን ያደርሰዋል። የሊቃውንቱም ትውፊት ስምንቱን ምልክቶች ለቅዱስ ያሬድ ሰጥቶ፣ ድርስንና አንብርን ብቻ የሁለቱ አዛዦች ጭማሪ ያደርጋል። ለእኔ ሁለቱ አይጣሉም፤ ዜማው የቀደመ ሊሆን፣ በጽሑፍ መቀመጡ ግን የጦርነቱ ማግስት ሥራ ሊሆን ይችላል። እልቂትን ያየ ትውልድ የመምህርን ጉሮሮ ብቻ አምኖ መቀመጥ እንዳልቻለ መገመት አያስቸግርም።

የምልክቶቹን ስም ላስተዋለ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው። ይዘት ድምፅን መያዝ ነው፤ ቁርጥ ማቋረጥ፤ ሂደት ሳያቆሙ መሄድ፤ ድፋት ድምፅን ወደ ታች መድፋት ነው። ርክርክ ድምፁን ደጋግሞ ያንቀጠቅጣል። ደረትም ስሙ እንደሚያመለክተው ድምፁ ከጉሮሮ ሳይሆን ከደረት ጥልቀት እንዲወጣ ያዝዛል። (ሊቃውንቱ እነዚህን ምልክቶች በክርስቶስ ሕማማት እያመሳጠሩ ይተረጉሟቸዋል፤ ይህ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው።) ከእነዚህ ሌላ ከታወቁ የዜማ ቃላት የተቀነጨቡ በመቶ የሚቆጠሩ የፊደል ምልክቶች ከቃሉ በላይ በደቃቅ ጽሕፈት ይሰፍራሉ። ጀማሪ የት እንደሚይዝ፣ የት እንደሚለቅ ከዚያ ያገኘዋል። ሆኖም ምልክቱ ዜማውን አስቀድሞ ለሰማ ጆሮ ካልሆነ አይናገርም፤ የሚያስታውስ እንጂ ከባዶ የሚያስተምር አይደለም። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጠው በዚያ ደጋ፣ አየሩ ስስ በሆነበት፣ ረጅሙን ቃል በአንድ ትንፋሽ መጨረስ ለወጣት ሳንባ ቀላል እንዳልነበረ እናስብ።

ዐፄ ገላውዴዎስ በ1551 ዓ.ም. ከሐረሩ አሚር ኑር ጋር ሲዋጋ ወደቀ። ምልክቱ ግን ከንጉሡም ከሁለቱ አዛዦችም በኋላ ዘልቆ፣ ዛሬም የድጓ ተማሪ መምህሩን ከተቀበለ በኋላ ብራናውን ገልጦ በእርሱ ልኩን ያመሳክራል።