ኮድ ሳናውቅ የሠራነው የቤተ ክርስቲያን ድረ ገጽ፦ አጭር ታሪክ



የዚህ መጽሔት አዘጋጆች እዚህ ናይሮቢ ስላለችው ቤተ ክርስቲያናችን ድረ ገጽ ታሪክ እንድጽፍ ጠይቀውኛል። እኔ በርበሬ፣ ሽሮና የጤፍ ዱቄት እየሸጥኩ የምተዳደር ባለ ሱቅ ነኝ፤ ትምህርቴም ከሁለተኛ ደረጃ አላለፈም። ሆኖም ድረ ገጹን የሠሩት ሁሉ እንደ እኔው የኮምፒውተር ትምህርት የሌላቸው ሰዎች ስለሆኑ ታሪኩን መጻፍ አልከበደኝም። ጽሑፉ የጋራ ንብረትን ስለ መጠበቅም የሚናገር በመሆኑ የሌላ እምነት ተከታይ የሆናችሁ ወገኖቻችንም ብታነቡት ይጠቅማችኋል ብዬ አምናለሁ። ዓመታቱ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ፊደላችን በሰው አገር

በሰው አገርና በሰው መሣሪያ የራስን ፊደል ለማውጣት መድከም በእኛ አልተጀመረም። በግዕዝ ፊደል የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ መዝሙረ ዳዊት ሲሆን የታተመውም በ1513 በሮም ከተማ ነው። ያሳተመው ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ ቄስ ነበር፤ ግዕዙን የተማረው እዚያው ሮም ይኖሩ ከነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ነው። በ1548 እና በ1549 ደግሞ አባ ተስፋ ጽዮን ከወንድሞቻቸው ጋር ሆነው ሐዲስ ኪዳንን በዚያው ከተማ አሳተሙ። አታሚዎቹ ግዕዝ የማያነቡ ሰዎች ነበሩ። መነኮሳቱ ግን የማተሚያ ሙያ የለንም ብለው አልተቀመጡም።

ኮምፒውተር ሲመጣም ተመሳሳይ ችግር ገጠመን። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ልዩ ልዩ ባለሙያዎች የአማርኛ ፎንቶችን ሠርተው ነበር። ነገር ግን ብዙዎቹ የእንግሊዝኛ ፊደላትን ቦታ ተውሰው የሚሠሩና እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አሰላለፍ ያላቸው ነበሩ። በመሆኑም ያው ፎንት ባልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ «ቅዳሴ» ተብሎ የተጻፈው ቃል ትርጉም የሌለው የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ሆኖ ይወጣ ነበር። በ1999 የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዓት ውስጥ ሲገባ መንገዱ ተከፈተ። በ2007 ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ ሲወጣ ደግሞ አማርኛ ሌላ ፎንት ሳይጫን የሚነበብበት ኮምፒውተር በየቤቱ መግባት ጀመረ።

የመጀመሪያው ድረ ገጽ

ድረ ገጽ የሚሠራበት ቋንቋ ኤችቲኤምኤል ይባላል። ይህን ቋንቋ ለማያውቅ ሰው የተዘጋጁ መሣሪያዎች ቀደም ብለው ወጥተዋል። በ1994 የተመሠረተው ጂኦሲቲስ ለማንኛውም ሰው ነፃ ቦታ ይሰጥ ነበር። ማይክሮሶፍት በ1996 የገዛው ፍሮንትፔጅ ደግሞ ደብዳቤ እንደ መጻፍ ሆኖ ገጹን ያሠራ ነበር፤ ኮዱን ፕሮግራሙ ራሱ ይጽፈው ነበር።

የእኛም ወጣቶች የጀመሩት በፍሮንትፔጅ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰበካ ጉባኤው የሚወጣውን ጽሑፍ ይወስናል፤ ሰኞ ልጆቹ በፍሎፒ ዲስክ ይዘው ሳይበር ካፌ ይሄዳሉ። ክፍያው በደቂቃ ነበር። የምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ በባሕር ስር ኬብል የተገናኘው በ2009 ስለሆነ ያን ጊዜ ኢንተርኔቱ የሚመጣው በሳተላይት ነው፤ አንድ ፎቶግራፍ እስኪወጣ ቡና ተፈልቶ ይጠጣል።

አማርኛው በትክክል እንዲታይ ጽሑፉን በፎንት ጽፈን ወደ ሥዕል እንለውጠው ነበር። በየትኛውም ኮምፒውተር ይነበባል፤ ነገር ግን ገጹን ያከብደዋል፤ በፍለጋም አይገኝም፤ የአንድ ክብረ በዓል ሰዓት ቢለወጥ ሥዕሉ በሙሉ እንደገና ይሠራል።

እንዲህም ሆኖ አገልግሎቱ ትልቅ ነበር። አዲስ የገባ ስደተኛ ቤተ ክርስቲያኗ የት እንዳለች፣ በየትኛው ማታቱ እንደሚደርስባት ያገኝበታል። ከዚህ ተነሥተው አሜሪካ፣ ካናዳና አውስትራሊያ የሄዱ ወገኖቻችን የክርስትናና የሰርግ ፎቶግራፎችን ያዩበታል፤ የሞቱትን ሰምተው እርም ያወጡበታል። የቤተ ክርስቲያኗን አመሠራረት የሚያውቁ አንድ አባት የጻፉት ታሪክም የወጣው በዚያ ላይ ነበር።

ድረ ገጹ የጠፋበት ምክንያት

የድረ ገጽ ስም ወይም ዶሜይን የሚገዛ ሳይሆን በየዓመቱ የሚከራይ ነው። ያን ጊዜ የባንክ ክሬዲት ካርድ ያለው ሰው በመካከላችን ስላልነበረ ክፍያው የሚፈጸመው በውጭ በሚኖር ዘመድ ካርድ ነው። ስሙ የተመዘገበውም ሥራውን በያዘው ወጣት የግል ኢሜይል ነበር። ወጣቱ በመልሶ ማስፈር ዕድል ወደ ካናዳ ሄደ፤ ኢሜይሉንም ለወጠ። የኪራዩ ማሳሰቢያ ማንም ወደማይከፍተው ኢሜይል ሲላክ ቆይቶ ጊዜው አለፈ፤ ስሙም ለሌላ ተላለፈ። አንድ ቀን ምእመናን ገጹን ሲከፍቱ የማያውቁት ማስታወቂያ ወጣባቸው። በልጁ የሚፈረድበት ነገር የለም፤ ለሦስት ዓመት ያህል ያለ ደመወዝ አገልግሏል።

ከ1996 ጀምሮ ድረ ገጾችን የሚሰበስበው ኢንተርኔት አርካይቭ አንዳንድ ገጾቻችንን አስቀርቶልን አገኘን። ዳሩ ግን አማርኛው ሥዕል ስለነበረና ሥዕሎቹ ስላልተቀመጡ ያገኘነው ባዶ ሣጥን ነው። ታሪኩን የጻፉት አባት በዚያን ጊዜ አርፈዋል። ጽሑፉ የተረፈው አንዲት እናታችን ለአሮጊት እናታቸው ሊያነቡላቸው ብለው በወረቀት አሳትመው ስለነበረ ነው፤ ከአራቱ ገጽ ሦስቱ ተገኙ። አራተኛው እስከ ዛሬ አልተገኘም።

እንደገና መሥራት

ሁለተኛው ድረ ገጽ የተሠራው ከ2003 ጀምሮ በነፃ በሚገኘው ዎርድፕረስ ነው። ዝግጁ መልክ ይመረጣል፣ ጽሑፍና ፎቶግራፍ ይገባበታል፣ ያልቃል። አማርኛውም በዩኒኮድ ተጻፈ። ያከራከረን መልኩ ነው። ሽማግሌዎች የቤተ ክርስቲያኗ ሥዕል ገጹን ሁሉ እንዲሸፍን፣ ወጣቶች ደግሞ ገጹ ሲከፈት መዝሙር እንዲጀምርና በፍላሽ የሚንቀሳቀስ መስቀል እንዲኖር ፈለጉ። በሱቅ ሥራ ብዙ የሚጠየቀው ዕቃ ከፊት ይደረደራል። እኛም በስልክ በብዛት የምንጠየቀውን ቆጠርን፤ የቅዳሴ ሰዓት፣ አድራሻ፣ የካህናት ስልክና የሐዘን ማስታወቂያ ሆኖ ተገኘ። እነዚህ ከላይ ተቀመጡ። ፍላሽ በአይፎን ላይ ጭራሽ አልሠራም፤ በ2020 መጨረሻም በሁሉም ኮምፒውተር ቀርቷል። የቅዳሴ ሰዓቱ ግን ዛሬም ይነበባል።

ሦስተኛው እድሳት ለስልክ ሲባል የተደረገ ነው፤ ምእመኑ ኮምፒውተሩን ትቶ በእጅ ስልክ ማንበብ ስለጀመረ። ጥቅሙ የታየው በመጋቢት 2020 ኬንያ ውስጥ በኮሮና ምክንያት የአምልኮ ቤቶች ሲዘጉ ነው። በዚያ ዓመት ትንሣኤ ሚያዝያ 19 ቀን ዋለ፤ ብዙዎቻችን ቅዳሴውን የተከታተልነው በየቤታችን፣ ድረ ገጹ ላይ በተለጠፈው ማገናኛ ነበር።

ለተተኪዎቻችን

መሣሪያው ይለዋወጣል። ፍሮንትፔጅ በ2006 ቀርቷል፤ ጂኦሲቲስን ያሁ በ1999 ገዝቶ በ2009 ሲዘጋው በሚሊዮን የሚቆጠሩ ገጾች አብረው ተዘግተዋል። ኮድ አለማወቅ ያጠፋብን ነገር የለም። የጠፋብን የጋራው ንብረት በአንድ ሰው እጅ ብቻ ስለነበረ ነው። ስለዚህ ዛሬ የምንሠራበትን ደንብ ለሌሎች ማኅበራትም አካፍላለሁ።

1. ስሙ በማኅበሩ ኢሜይል ይመዝገብ፤ የኪራዩ ቀን በሒሳብ መዝገብ ላይ ይጻፍ።
2. የይለፍ ቃሉ ታሽጎ በሊቀ መንበሩና በገንዘብ ያዡ ዘንድ ይቀመጥ፤ ኃላፊ ሲለወጥ እንደ ካዝና ቁልፍ በፊርማ ይረከብ።
3. በየወሩ ሙሉ ቅጂ ይወሰድ፤ ታሪክ ነክ ጽሑፍ ደግሞ በወረቀት ይታተም።
4. የማንም ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ አይውጣ። ስደተኛ ወገን ያለበት ቦታ እንዳይታወቅ የሚፈልግበት በቂ ምክንያት ሊኖረው ይችላል።

ያ አራተኛ ገጽ ያለው፣ ወይም አባታችን ሲናገሩት የሰማ ወገን ካለ ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት እንዲያሳውቅ በትሕትና እለምናለሁ።