አሕመድ ሳላህ በ1988፦ ለጅቡቲ ብቸኛውን የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ያስገኘው የውድድር ዓመት

ጅቡቲ በኦሊምፒክ ታሪኳ ያገኘችው ሜዳሊያ አንድ ብቻ ነው። ይህን የነሐስ ሜዳሊያ ያስገኘላት የማራቶን ሯጩ ሁሴን አሕመድ ሳላህ ሲሆን፣ ዘመኑ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር 1988፣ ቦታውም የደቡብ ኮሪያ መዲና ሴኡል ነበር።

ያ ዓመት ግን በሜዳሊያው ብቻ የሚለካ አይደለም። አትሌቱ ሴኡል ላይ ከመሮጡ 24 ሳምንታት ቀደም ብሎ፣ በኔዘርላንድሷ ሮተርዳም፣ እስከዚያ ዕለት ድረስ በዓለም ላይ ከተመዘገበው የማራቶን ሰዓት ሁሉ የፈጠነ ሰዓት አስመዝግቧል። ሆኖም የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤት አልሆነም። በዚያው ውድድር ኢትዮጵያዊው በላይነህ ዴንሳሞ ቀድሞት ነበርና።

አንድ አትሌት በአንድ ዓመት ውስጥ በሁለት ታላላቅ ውድድሮች ሁለተኛና ሦስተኛ ሲወጣ፣ ዓመቱ የስኬት ነው ወይስ የቁጭት? የአሕመድ ሳላህ 1988 ለዚህ ጥያቄ ቀላል መልስ አይሰጥም።

አሕመድ ሳላህ ማን ነው?

አትሌቱ በታኅሣሥ 1956 በአሊ ሳቢህ ተወለደ። አሊ ሳቢህ በደቡባዊ ጅቡቲ፣ ከድሬዳዋ የሚመጣው የባቡር ሐዲድ የሚያልፍባት፣ ከኢትዮጵያ ድንበር ብዙም የማትርቅ ከተማ ናት።

አገሪቱ ከፈረንሳይ ነጻነቷን የተጎናጸፈችው በሰኔ 1977 ነው። በኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳተፈችው ደግሞ ከሰባት ዓመታት በኋላ በ1984 በሎስ አንጀለስ ነበር። በዚያ ውድድር ጃማ ሮብሌህ በማራቶን ስምንተኛ ሆኖ ሲያጠናቅቅ፣ አሕመድ ሳላህም ከጅቡቲ ሯጮች አንዱ ነበር።

የምሥራቅ አፍሪካ ሯጮች ጥንካሬ ብዙውን ጊዜ ከደጋማ መሬት ጋር ተያይዞ ይነሳል። ጅቡቲ ከዚህ አስተሳሰብ ጋር በቀላሉ አትገጥምም። ዋና ከተማዋ ከባሕር ጠለል እምብዛም ከፍ አትልም፤ ከግንቦት እስከ መስከረም ባሉት ወራትም ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያልፍባቸው ቀናት ብዙ ናቸው።

ከተማዋ ራስ ዲካ፣ ቡላኦስና ባልባላ በሚባሉ ሦስት ኮሙዩኖች የተከፈለች ናት። እንደ ቡላኦስ ባሉ ሕዝብ ተጨናንቆ በሚኖርባቸው ሰፈሮች የረጅም ርቀት ልምምድ ማድረግ የሚሻ ወጣት፣ ፀሐይ ሳትበረታ በማለዳ መነሳት ወይም ከከተማ መውጣት ግድ ይለዋል። የሕዝቧ ቁጥር ዛሬም አንድ ሚሊዮን ገደማ የሆነው ይህች አገር በ1980ዎቹ የዓለም ማራቶን ኃይል ሆና መታየቷ አስገራሚ የሚሆነውም በዚህ የተነሳ ነው።

ከ1988 በፊት የነበሩት ሦስት ዓመታት

የአሕመድ ሳላህ ስም በዓለም ዙሪያ የተሰማው በሚያዝያ 1985 ነው። በጃፓኗ ሂሮሺማ በተካሄደው የመጀመሪያው የዓለም የማራቶን ዋንጫ፣ ርቀቱን በ2 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ከ9 ሰከንድ በመሮጥ አሸነፈ። በወቅቱ የዓለም ፈጣኑ ሰዓት በብሪታኒያዊው ስቲቭ ጆንስ የተያዘው 2 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ ስለነበር፣ ጅቡቲያዊው ከዚያ ያነሰው በአራት ሰከንድ ብቻ ነበር።

ጃፓናዊው ታኬዩኪ ናካያማ በስድስት ሰከንድ ተቀድሞ ሁለተኛ ሲሆን፣ ጃማ ሮብሌህ ሦስተኛ ወጣ። የቡድን አሸናፊነቱም የጅቡቲ ሆነ።

በቀጣዩ ዓመት አሕመድ ሳላህ የፓሪስ ማራቶንን አሸነፈ። በሚያዝያ 1987 ደግሞ የዓለም የማራቶን ዋንጫን ለሁለተኛ ጊዜ ወሰደ። ውድድሩ የተካሄደው ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ ኦሊምፒክን በምታስተናግደው በሴኡል ነበር። ሰዓቱም 2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ ሆኖ ተመዘገበ።

በዚያው ዓመት መስከረም ወር በሮም በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ኬንያዊው ዳግላስ ዋኪሁሪ ወርቅ፣ አሕመድ ሳላህ ብር፣ ጣሊያናዊው ጌሊንዶ ቦርዲን ነሐስ አገኙ። ቦርዲን ከጅቡቲያዊው የዘገየው በአሥር ሰከንድ ነበር። እነዚህ ሦስት ስሞች በቀጣዩ ዓመትም በአንድ መድረክ ላይ ይገናኛሉ፤ ቅደም ተከተላቸው ግን ይለወጣል።

ሮተርዳም፦ ክብረ ወሰኑን ሰብሮ ሁለተኛ መውጣት

የሮተርዳም ማራቶን በፈጣን ሰዓት የሚታወቅ ውድድር ነው። ከተማዋ ሜዳማ ናት፤ በሚያዝያ ወርም አየሩ ለሯጮች ይስማማል። በ1988 መባቻ የዓለም ፈጣን ሰዓት ሆኖ የቆየው 2 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ከ12 ሰከንድም የተመዘገበው በዚሁ ከተማ ነው። ባለቤቱ ፖርቱጋላዊው ካርሎስ ሎፔዝ ሲሆን፣ ሰዓቱን ያስመዘገበው በ1985፣ አሕመድ ሳላህ ሂሮሺማ ላይ ካሸነፈ ከስድስት ቀናት በኋላ ነበር።

ለኢትዮጵያውያን ሮተርዳም እንግዳ ከተማ አልነበረችም። በ1986 አበበ መኮንን ሲያሸንፍ በላይነህ ዴንሳሞ በአንድ ሰከንድ ተቀድሞ ሁለተኛ ወጥቷል። በ1987 ደግሞ ድሉ የበላይነህ ሆነ።

እሑድ ሚያዝያ 9 ቀን 1980 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ አፕሪል 17 ቀን 1988፣ በላይነህ ርቀቱን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ጨረሰ። ማራቶንን ከ2 ሰዓት ከ7 ደቂቃ በታች የሮጠ የመጀመሪያው ሰውም ሆነ። አሕመድ ሳላህ በ2 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ተከተለው።

ይህም ማለት ሁለቱም የሎፔዝን ሰዓት አሻሽለዋል ማለት ነው፤ ኢትዮጵያዊው በ22 ሰከንድ፣ ጅቡቲያዊው በ5 ሰከንድ። በሁለቱ መካከል የነበረው 17 ሰከንድ በዚያ ፍጥነት ሲሰላ ከ100 ሜትር ያነሰ ርቀት ነው። አሕመድ ሳላህ እያንዳንዱን ኪሎ ሜትር የሸፈነው በአማካይ በ3 ደቂቃ ከ1 ሰከንድ ገደማ ነበር።

ሌላ ቀን ወይም ሌላ ከተማ ቢሆን ኖሮ ይህ ሰዓት የዓለም ፈጣኑ ተብሎ በተመዘገበ ነበር። በዕለቱ ግን በታሪክ ሁለተኛው ፈጣን ሰዓት ሆነ።

የበላይነህ ሰዓት ከአሥር ዓመታት በላይ ሳይደፈር ቆየ። የሰበረው ብራዚላዊው ሮናልዶ ዳ ኮስታ ሲሆን፣ ይህም በመስከረም 1998 በበርሊን 2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ በመሮጥ ነው።

የኢትዮጵያ አለመኖር

የሮተርዳሙ አሸናፊና ተከታዩ ሴኡል ላይ ዳግም ቢገናኙ ምን ይፈጠር እንደነበር ማወቅ አይቻልም። ኢትዮጵያ በሴኡሉ ኦሊምፒክ አልተሳተፈችምና።

ሰሜን ኮሪያ ውድድሮቹን ከደቡብ ኮሪያ ጋር በጋራ ለማስተናገድ ያቀረበችው ጥያቄ በስምምነት ሳይቋጭ በመቅረቱ ከኦሊምፒኩ ራሷን አገለለች። በወቅቱ ከሶሻሊስቱ ጎራ ጋር የቆመው የኢትዮጵያ መንግሥትም ቡድኑን ላለመላክ ወሰነ። ኩባም በተመሳሳይ መንገድ ቀረች።

ለኢትዮጵያ አትሌቶች ይህ የመጀመሪያው አልነበረም። አገሪቱ በ1976 ከሞንትሪያል፣ በ1984 ደግሞ ከሎስ አንጀለስ ቀርታለች። በመሆኑም ማራቶንን በዓለም ከማንም በላይ ፈጥኖ የሮጠው ሰው፣ ያን ሰዓት ባስመዘገበበት ዓመት በኦሊምፒክ መነሻ መስመር ላይ አልቆመም።

ይህ ሁኔታ አሕመድ ሳላህን በወረቀት ላይ የውድድሩ ፈጣኑ ሰው አደረገው። በሴኡል ከሚሰለፉት መካከል ከእሱ የተሻለ ሰዓት የነበረው ሯጭ አልነበረም። ከዚህም ሌላ ከተማዋን ያውቃታል፤ የዓለምን ዋንጫ ያሸነፈው እዚያው ነው።

ሴኡል፦ የመጨረሻዎቹ ኪሎ ሜትሮች

የሻምፒዮና ማራቶን ከንግድ ማራቶን የተለየ ጸባይ አለው። በከተሞች ውድድር አዘጋጆቹ አሯሯጮችን ያሰልፋሉ፤ ዓላማውም በአብዛኛው ሰዓት ነው። በኦሊምፒክ ግን አሯሯጭ የለም። ሯጮች እርስ በርስ እየተጠባበቁ ይጓዛሉ፤ የሚፈለገውም ሰዓት ሳይሆን ደረጃ ነው። ሙቀቱም የራሱ ድርሻ አለው።

መስከረም 22 ቀን 1981 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 2 ቀን 1988፣ ከሰዓት በኋላ የተጀመረው ውድድር በዚሁ ሥርዓት ተጓዘ። በመሪዎቹ ስብስብ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ቁጥር እየተመናመነ ሄዶ፣ ፉክክሩ በመጨረሻ በሮም መድረክ ላይ በቆሙት በሦስቱ ሰዎችና በናካያማ መካከል ሆነ።

ሊጠናቀቅ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ሲቀሩ አሕመድ ሳላህ ፍጥነት ጨምሮ መሪነቱን ያዘ። ቦርዲን ወደ ኋላ የቀረ መሰለ። ጣሊያናዊው ግን ኃይሉን ቆጥቦ ነበር፤ በመጀመሪያ ዋኪሁሪን፣ ቀጥሎም ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀር ጅቡቲያዊውን አለፈ። ዋኪሁሪም አሕመድ ሳላህን ቀደመው።

ቦርዲን በ2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ከ32 ሰከንድ በማሸነፍ በኦሊምፒክ ማራቶን ወርቅ ያገኘ የመጀመሪያው ጣሊያናዊ ሆነ። ዋኪሁሪ በ2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ከ47 ሰከንድ ሁለተኛ፣ አሕመድ ሳላህ በ2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ሦስተኛ ወጡ።

አራተኛው ናካያማ ነበር፤ ሰዓቱም 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ። ከሦስት ዓመታት በፊት በሂሮሺማ በስድስት ሰከንድ የቀደመው ሰው፣ በሴኡልም በዚያው በስድስት ሰከንድ ቀደመው። በዚያ ፍጥነት ስድስት ሰከንድ ማለት ከ30 ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ርቀት ነው። የጅቡቲ ብቸኛ የኦሊምፒክ ሜዳሊያ የተንጠለጠለው በእነዚያ ሜትሮች ላይ ነበር።

ዓመቱ እንዴት ይመዘናል?

የሁለቱን ውድድሮች ሰዓት ጎን ለጎን ማስቀመጥ ብቻ አሳሳች ነው። አሕመድ ሳላህ በሴኡል የሮጠው ከሮተርዳም በ3 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ ዘግይቶ ነው። ይህ ግን አቋሙ መውረዱን አያሳይም፤ የውድድሮቹ ጸባይ ልዩነት ነው። አሸናፊው ቦርዲንም ቢሆን ያጠናቀቀው በላይነህ ሮተርዳም ላይ ካስመዘገበው ከሦስት ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ነው።

ይበልጥ የሚነገረው የፍጻሜው ስልት ነው። ቀድሞ መውጣቱ ዋጋ አስከፍሎታል የሚል ክርክር ማቅረብ ይቻላል፤ ቦርዲን ያሸነፈው በመታገሥ ነውና። በሌላ በኩል ግን ያ ጥቃት ናካያማን ከመሪዎቹ ለመነጠል ረድቶት ሊሆን ይችላል። ጠብቆ ቢሮጥ ኖሮ ወርቁ የእሱ ይሆን ነበር ወይስ ነሐሱም ያመልጠው ነበር? ሁለቱም ሊሆን ይችል ነበር።

የማያከራክረው ጉዳይ ወጥነቱ ነው። ከሮም እስከ ሴኡል ባሉት 13 ወራት ውስጥ በሦስት ትልልቅ ውድድሮች ተሰልፎ፣ ብር፣ በታሪክ ሁለተኛውን ፈጣን ሰዓትና ነሐስ ይዞ ተመልሷል። በ42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ርቀት አንድ መጥፎ ቀን የወራትን ልምምድ ከንቱ ሊያስቀር ስለሚችል፣ እንዲህ ያለ ተከታታይ ውጤት ብርቅ ነው።

ከሴኡል በኋላ

አትሌቱ በዚያ ዓመት አላበቃም። በ1991 በቶኪዮ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና፣ በከባድ ሙቀት፣ ከጃፓናዊው ሂሮሚ ታኒጉቺ ቀጥሎ ለሁለተኛ ጊዜ የብር ሜዳሊያ አገኘ። በ1992 በባርሴሎና፣ በ1996 ደግሞ በአትላንታ ኦሊምፒኮችም ሮጧል።

ከእሱ በኋላ ለጅቡቲ ሁለተኛ የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ለማምጣት እጅግ የቀረበው አያንሌ ሱሌይማን ነው። በ2013 በሞስኮ የዓለም ሻምፒዮና በ800 ሜትር ነሐስ፣ በ2014 ደግሞ በፖላንዷ ሶፖት በቤት ውስጥ የዓለም ሻምፒዮና በ1500 ሜትር ወርቅ ያገኘው ይህ አትሌት፣ በ2016 በሪዮ ኦሊምፒክ በ1500 ሜትር አራተኛ ወጣ። ከነሐሱ የለየው 5 መቶኛ ሰከንድ ብቻ ነበር።

በ1988 ስድስት ሰከንድ ለጅቡቲ ሜዳሊያ ሰጠች፤ በ2016 ከአንድ ሰከንድ አንድ አሥረኛ የማይሞላ ጊዜ ነፈጋት። እስከ 2024ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክ ድረስም የአገሪቱ የሜዳሊያ ቁጥር ከአንድ ከፍ አላለም። ከቡላኦስም ሆነ ከአሊ ሳቢህ ለሚነሳ ሯጭ መለኪያው አሁንም ያው የአሕመድ ሳላህ ሦስተኛ ደረጃ ነው።