የመማር ፍላጎት ከወዴት ይመነጫል? የአርሲ ደጋ ልጆች ታሪክ

መምህር ለመሆን የሚዘጋጅ ወጣት ወደ ማሠልጠኛው ከገባበት ዕለት ጀምሮ ሁለት ነገር እንዲያውቅ ይጠበቅበታል፤ አንደኛው የሚያስተምረው ትምህርት ነው፤ ሁለተኛው የሚያስተምረው ልጅ ነው። ስለ ፊተኛው ብዙ ይነገረዋል፤ ይፈተንበታልም። ስለ ኋለኛው ግን የሚሰጠው ዕውቀት አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ አገር መጻሕፍት የተቀዳ ጥቂት ምዕራፍ ስለሆነ፣ ፈተናው ካለፈ በኋላ ከደብተሩ ጋር ተከድኖ ይቀራል። ከዚህም የተነሣ ብዙ አዲስ መምህር ክፍል በገባ በሳምንቱ «እነዚህ ልጆች መማር አይፈልጉም» ሲል ይሰማል።

እኛም ይህን አነጋገር ደጋግመን ስለ ሰማነው፣ እውነት መሆን አለመሆኑን በአንድ አገር ታሪክ ልንመረምረው አሰብን። የመረጥነውም የአርሲን ደጋ ነው። ይህን አገር የመረጥንበት ምክንያት፣ ከዚያ የወጡ የገበሬና የእረኛ ልጆች ማንም ሳያስገድዳቸው ለብርቱ ድካም ራሳቸውን ሲሰጡ ዓለም በሙሉ ስላየ ነው። እነዚህን ልጆች ያተጋቸው ነገር ምን እንደ ሆነ ማወቅ፣ በአሰላም ሆነ በሌላ ከተማ ለሚሠለጥን ዕጩ መምህር ከብዙ ምዕራፍ የበለጠ ይጠቅመዋል ብለን እናምናለን።

አሰላ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ቁመቱ ከ4,000 ሜትር በሚበልጠው በጭላሎ ተራራ ግርጌ የተቀመጠች ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያለው ደጋ የገብስና የስንዴ፣ የከብትና የፈረስ አገር ነው። በዚህ አገር የሚያድግ ልጅ ከትምህርት ቤት ደጃፍ ከመድረሱ በፊት ሌላ ትምህርት ቤት ውስጥ ኖሯል። በመጀመሪያ ከቤት አጠገብ ጥጃና ግልገል ይጠብቃል፤ ጥቂት ጠንከር ሲል በጎቹን፣ ቀጥሎም ከብቶቹን ይዞ ከመንደር ይርቃል፤ ክንዱ ሲበረታ ሞፈር ይጨብጣል። ከብቶቹን አንድ ሁለት ብሎ ሳይቆጥር፣ መልካቸውንና ጠባያቸውን አይቶ የጎደለችውን ላም ወዲያው ያውቃል። ማታ እሳት ዳር ኦሮሞዎቹ «ሂቦ» የሚሉት እንቆቅልሽ ይጠየቃል፤ መልሱ ቢጠፋው ይሣቅበታል፤ በማግሥቱ ግን ሌላውን የሚረታበትን አዲስ እንቆቅልሽ ይዞ ይመጣል። እንግዲህ ይህ ልጅ መማር የማይፈልግ ነውን?

የአገሩ ሰው ደግሞ ልጅ በየዕድሜው የሚችለውን መለየት የጀመረው በቅርቡ አይደለም። ፕሮፌሰር አስመሮም ለገሠ በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ በቦረና በዝርዝር ያጠኑት የገዳ ሥርዓት የሰውን ዕድሜ በስምንት በስምንት ዓመት ይከፍላል፤ ለእያንዳንዱም እርከን የሚገባውን ሥራ፣ ክብርና ግዴታ ይመድባል። እርግጥ ነው፣ በእርከኑ ውስጥ የሚገኘው ስፍራ በልጁ ዕድሜ ብቻ ሳይሆን በአባቱም ደረጃ ይወሰናል። በአርሲም የገዳ ሥርዓት ከ1870ዎቹ ዓ.ም. ጦርነትና ወረራ በኋላ እጅግ ተዳክሟል። ቢሆንም ሕፃን ትንሽ ጎልማሳ እንዳልሆነና ለየጊዜው የተለየ ተግባር እንዳለው የሚናገረው ሐሳብ፣ ስዊሳዊው ዣን ፒያዤ ከማስተማሩ አስቀድሞ በዚህች አገር ሽማግሌዎች ዘንድ የታወቀ ነበር። ዕጩ መምህራኖቻችን የፒያዤን አራት ደረጃዎች በቃላቸው ሲወጡ ይህን የሚያነሣላቸው ሰው ቢገኝ ደስ ይለን ነበር።

የድሮውን ትምህርት ቤት በተመለከተ ሰው የሚያስታውሰው አለንጋውን ነው። በቤተ ክርስቲያን ፊደል ቆጥሮ፣ ንባብ ለይቶ፣ ዳዊት የደገመ ሰው፣ እንዲሁም በቁርኣን ቤት በእንጨት ሰሌዳው በሉህ ላይ እየጻፈና እያጠበ የቀራ ሰው፣ ስለ መምህሩ ቁጣ የሚናገረው አያጣም። ቅጣቱ ከባድ እንደ ነበረ አንክድም፤ ቃሉን ያለ ትርጉሙ በቃል መያዝም ልጁን ያደክመው ነበር። ነገር ግን በእነዚያ ትምህርት ቤቶች አዲሱ ትምህርት ቤት የጣላቸው ሁለት መልካም ልማዶች ነበሩ። አንደኛው፣ ልጁ የሚያልፈው ዓመቱ ስላለቀ ሳይሆን ያለበትን ትምህርት ስለ ቻለ ነው፤ ፈጣኑ ዘገምተኛውን አይጠብቅም፤ ዘገምተኛውም «ወደቀ» ተብሎ አይባረርም። ሁለተኛው፣ ታላቁ ተማሪ ታናሹን ያስቀጽላል። ስለዚህ ትንሹ ልጅ የነገ መልኩን በአጠገቡ ተቀምጦ ያየዋል። ይህ ሁለተኛው ነገር ወደ በኋላ ስለ በቆጂ ስንናገር ተመልሶ ይመጣል።

በ1936 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ግቢ የመምህራን ማሠልጠኛ ተከፈተ፤ ኋላም ሐረርና ደብረ ብርሃን የማሠልጠኛ ስፍራዎች ሆኑ። ከእነዚህ የወጡት ወጣቶች ወደ የጠቅላይ ግዛቱ ሲበተኑ ከጠበቃቸው ችግር የመጀመሪያው ርቀት፣ ሁለተኛው ቋንቋ ነበር። በአርሲ ደጋ ብዙው ልጅ በቤቱ የሚናገረው ኦሮምኛ ሲሆን፣ ትምህርቱ ለረጅም ዘመን ይሰጥ የነበረው በአማርኛ ነው። በመስክ ንግግሩ የማያልቅ ልጅ ክፍል ሲገባ ዝም ይላል፤ መምህሩም ዝምታውን እንደ ድንቁርና ይቆጥርበታል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ውሎ አድሮ ኦሮምኛን ጨምሮ በ15 ቋንቋዎች እስኪሰጥ ሲደርስ፣ በጥቅምት 1984 ዓ.ም. ኦሮምኛ በቁቤ እንዲጻፍ ሲወሰንና የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሆን ሲያዝ፣ ልጁ በገዛ አንደበቱ ጥያቄ ለመጠየቅ ቻለ። ስለ ፊደሉ ምርጫ ሰዎች ብዙ ይከራከራሉ። ለእኛ ለጊዜው የሚያስፈልገን ግን ልጁ አፉን መክፈቱ ነው።

ደግሞም ፍላጎት ብቻውን የማይበቃበት ጊዜ እንዳለ ከዚሁ አገር ታሪክ እናያለን። በ1960 ዓ.ም. ገደማ በስዊድን ርዳታ በአሰላ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት፣ በተለምዶ ካዱ የሚባለው፣ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ አምጥቶ የስንዴውን ምርት ከፍ አደረገ። ነገር ግን እርሻው ትርፍ ማስገኘቱን ያዩ ባለ መሬቶች ትራክተር እያስገቡ ጭሰኞቻቸውን ነቀሉ። ከመሬቱ የተነቀለ ጭሰኛ ልጁን እንዴት አድርጎ ትምህርት ቤት ያውላል? በዚያ ጊዜ መምህሩ በስም ጥሪ መዝገቡ ላይ «ቀሪ» ብሎ የጻፈው ልጅ፣ ሰነፍ ስለሆነ የቀረ ላይሆን ይችላል።

አሁን ወደ መንገዱ እንምጣ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በአሰላ አካባቢ በ1965 ዓ.ም. ከገበሬ ቤተ ሰብ ተወለደ፤ ወላጆቹ ካፈሯቸው አሥር ልጆችም አንዱ ነው። ወደ ትምህርት ቤት ለመሄድ 10 ኪሎ ሜትር፣ ለመመለስም እንደዚያው ያህል ይሮጥ ነበር። ኋላ በዓለም አደባባይ ሲሮጥ ግራ ክንዱን ጠበቅ አድርጎ መያዙ፣ በልጅነቱ ደብተሮቹን ይዞ ይሮጥ ስለ ነበር የቀረበት ልማድ መሆኑን ራሱ ተናግሯል። በ1972 ዓ.ም. ምሩጽ ይፍጠር በሞስኮ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ሲያሸንፍ ይህ የሰባት ዓመት ልጅ ወሬውን በራዲዮ ሰማ። አባቱ ሩጫውን አልወደዱለትም ነበር። ልጁ ግን ከዚያ በኋላ የሚሮጥበትን ምክንያት አግኝቷል፤ በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ፣ በ1993 ዓ.ም. መባቻ ደግሞ በሲድኒ የ10,000 ሜትር ባለ ድል ሆነ።

ይህን ታሪክ የሚያነሡ ብዙዎች ሲኖሩ፣ ጥቂቶቹ «እነሆ ችግር ሰውን ያጠነክራል» ብለው ይደመድማሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። ሃያው ኪሎ ሜትር ኃይሌን አጠንክሮት ይሆናል፤ ነገር ግን በዚያው መንገድ ደክመው የቀሩትን ልጆች፣ ይልቁንም ወላጆቻቸው ለመንገዱ ፈርተው ያስቀሯቸውን ልጃገረዶች፣ የቆጠረ ሰው የለም። ከታሪኩ ለመምህር የሚጠቅመው ርቀቱ ሳይሆን ራዲዮው ነው። ልጁ እንደ እርሱ ያለ ኢትዮጵያዊ ታላቅ ነገር ማድረግ እንደሚችል ሰማ፤ ያም ሥራ እርሱ በየቀኑ ከሚሠራው የተለየ አለመሆኑን ተረዳ።

ከአሰላ በስተ ደቡብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በ2,800 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ የምትገኘው በቆጂ ደግሞ ሌላ ነገር ታስተምረናለች። በዚህች ትንሽ ከተማ ስንታየሁ እሸቱ የሚባሉ የአንደኛ ደረጃ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነበሩ። መምህር ስንታየሁ ሲጀምሩ የሚያስተምሩት፣ በየትምህርት ቤቱ በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ የሚሰጠውን፣ ሌሎች መምህራን እንደ ጨዋታ የሚቆጥሩትን ትምህርት ነበር። እርሳቸው ግን የልጆቹን አሯሯጥ ተመለከቱ። ከብት ስትጠብቅ ያደገች አንዲት ልጅ ከተማሪዎቻቸው መካከል ነበረች፤ ስሟም ደራርቱ ቱሉ ነው። ደራርቱ በነሐሴ 1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10,000 ሜትር አንደኛ ስትወጣ፣ የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። መስመሩን ካለፈች በኋላ ሁለተኛ የወጣችውን ደቡብ አፍሪካዊቷን ኤላና ሜየርን ጠብቃ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። ከአራት ዓመት በኋላ የዚሁ አካባቢ ልጅ ፋጡማ ሮባ በአትላንታ ማራቶንን አሸነፈች። በ2000 ዓ.ም. በቤጂንግ ኢትዮጵያ ያገኘቻቸው አራት የወርቅ ሜዳሊያዎች በሙሉ የተገኙት ከሁለት የበቆጂ ልጆች፣ ከቀነኒሳ በቀለና ከጥሩነሽ ዲባባ፣ ነበር።

ነገሩን የከፍታውና የገብሱ ሥራ ነው የሚሉ አሉ። ከፍታውስ በጎባም አለ፤ ገብሱም በብዙ ደጋ ይበቅላል። በበቆጂ የተለየው፣ አንድ መምህር ለረጅም ዓመታት በአንድ ስፍራ ተቀምጦ ልጆቹን በስማቸው እያወቀ ማሠልጠኑ ነው። ማለዳ በመስክና በባሕር ዛፍ ደን ውስጥ ወንዱና ሴቷ፣ የቆየውና አዲሱ አንድ ላይ ይሮጡ ነበር፤ የፊተኛው እግሩን ባሳረፈበት የኋለኛው ይከተላል። ይህም ከላይ ያነሣነው የታላቅ ለታናሽ ማስቀጸል መሆኑን አንባቢያችን ሳይገነዘብ አይቀርም። ሩሲያዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ሌቭ ቪጎትስኪ፣ ልጅ ዛሬ በሌላው እርዳታ የሚሠራውን ነገ ብቻውን ሊሠራው እንደሚችል ያስተማረው ከዚህ ጋር አንድ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ደራርቱ ካሸነፈች በኋላ የበቆጂ ልጅ አርአያውን ከሩቅ አገር መፈለግ አላስፈለገውም፤ የእርሷን ቤት፣ የእርሷን መምህር፣ የሮጠችበትን ሜዳ ያውቅ ነበር።

ስለ ሽልማት ደግሞ አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንወድም። በ1973 እ.ኤ.አ. ማርክ ሌፐር፣ ዴቪድ ግሪንና ሪቻርድ ኒስቤት የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች፣ ሥዕል መሣል የሚወዱ ሕፃናትን መርጠው ከፊሎቹን «ብትሥሉ ሽልማት ትቀበላላችሁ» አሏቸው። ጥቂት ጊዜ ቆይተው ሲመለከቷቸው፣ ሽልማት ተስፋ ተሰጥቷቸው የሣሉት ልጆች በነፃ ጊዜያቸው ወደ ሥዕሉ የሚመለሱበት ጊዜ አንሶ ተገኘ፤ ተስፋ ያልተሰጣቸው ግን እንደ ቀድሞው ይሥሉ ነበር። በፈቃድ ይሠሩት የነበረው ሥራ በዋጋ የሚሠራ ሆነባቸው ማለት ነው። እኛ ሽልማትን ሁሉ አንነቅፍም፤ የገበሬ ልጅ ደብተርና እስክርቢቶ ቢሸለም ሸክሙ ይቀልለታል። ነገር ግን አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ የወጡትን ብቻ እያስጨበጨበ የቀሩትን ሃምሳና ስድሳ ልጆች በየሰሚስተሩ የሚያሳፍረው ልማዳችን እንደ ገና ሊታሰብበት ይገባል። በበቆጂም ቢሆን ከሚሮጡት ሁሉ ሜዳሊያ የሚያገኙት እጅግ ጥቂቶች ናቸው። ሩጫ ብቻ ተስፋ ሆኖት ደብተሩን የጣለ ልጅ፣ እግሩ ያልሰመረለት ቀን ምን ይሆናል? ይህን ጥያቄ የሰውነት ማጎልመሻ መምህሩ ብቻውን ሊመልሰው አይችልም፤ የሒሳቡና የሳይንሱ መምህር ክፍላቸውን እንደ ሜዳው ልጅ የሚናፍቀው ስፍራ ማድረግ ይኖርባቸዋል።

ነገሩ የዋዛ እንዳልሆነ የሚያሳየው የቅርብ ጊዜ ቁጥር ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተቀመጡት ወደ 900,000 ከሚጠጉ ተማሪዎች፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ ሆነ። ውጤቱ በወጣ ጊዜ አንዱ ተማሪውን፣ ሌላው ወላጁን፣ ሦስተኛው ፈተናውን ወቀሰ። እኛ የምናስተውለው፣ እነዚያ ወጣቶች በአንደኛ ክፍል ሲገቡ እንደ ሌላው ሕፃን ሁሉ ጥያቄ የማይደክማቸው እንደ ነበሩ ነው። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ያ ጥያቄ የት ቀረ?

መልሱን ፍለጋ መምህሩን ብቻ መክሰስም ፍርድ አይሆንም። መምህራን በየካቲት 1966 ዓ.ም. ሥራ ያቆሙት የትምህርት ዘርፍ ጥናቱን በመቃወምና ስለ ደመወዛቸው ነበር፤ የደመወዙም ነገር ከዚያ ወዲህ ተዘግቶ አያውቅም። ስድሳ ልጆች በታጨቁበት ክፍል የሚያስተምር፣ ወር ሳይሞላ ደመወዙ የሚያልቅበት ሰው እያንዳንዱን ልጅ በስሙ ይወቅ ማለት ቀላል አይደለም። ሆኖም በአሰላ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ይሁን በሌላው፣ ወደ ማስተማር ልምምድ የሚወጣ ዕጩ መምህር በዚያች አጭር ጊዜ ሊያደርገው የሚችል አንድ ነገር አለ። ከክፍሉ አምስት ልጆች ይምረጥ፤ ከእነርሱም ሁለቱ ከኋላ ወንበር ይሁኑ። ትምህርት ቤት ከመምጣታቸው በፊት ጠዋት ምን ሲሠሩ እንዳደሩ፣ ስንት ኪሎ ሜትር እንደ መጡ፣ በቤታቸው በምን ቋንቋ እንደሚጫወቱ፣ ማንን መምሰል እንደሚሹ ይጠይቃቸው፤ ያገኘውንም ጽፎ ከትምህርት ዝግጅት ማስታወሻው ጋር ለተቆጣጣሪው ያስረክብ።