ዳኛው ናሙና፦ የአፍሪካን የወንዝ ሸርጣኖች በሙዚየም ስብስብ ስለ መለየት

የአንድ ሸርጣን ሳይንሳዊ ስም የሚጸናው በአንድ ጠርሙስ ውስጥ ባለ ናሙና ነው። በዓለም አቀፉ የእንስሳት ስያሜ ደንብ መሠረት አዲስ ዝርያ የሚገልጽ ተመራማሪ አንድ ናሙና መርጦ «ሆሎታይፕ» ብሎ ይሰይመዋል፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ስሙ የሚነሣ ክርክር ሁሉ ወደዚያ ናሙና ይመለሳል። ጽሑፉ ቢሳሳት ወይም ሥዕሉ ቢያወላውል ናሙናው ይዳኛል። የአፍሪካን የወንዝና የሐይቅ ሸርጣኖች ለሚያጠና ሰው ግን ይህ ዳኛ ብዙ ጊዜ ፍርድ መስጠት አይችልም፤ ወይ እንስት ነው፣ ወይ ገና ያልጎለመሰ ነው፣ ወይ ከየትኛው ወንዝ እንደተያዘ የሚናገር ጽሑፍ የለውም።

የዓባይን ተፋሰስ እንመልከት። ፖታሞናውቴስ በራርዲ የሚባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው በ1826 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ነው። ናፖሊዮን ወደ ግብፅ ሲዘምት አብሮት የሄደው ሳቪኚ የእንስሳቱን ሥዕል አዘጋጀ፤ ነገር ግን የዓይኑ ብርሃን ስለ ደከመ ማብራሪያውን መጻፍ አልቻለም። ያን የጻፈለት ኦዱዌን ነበር። በ1837 ሚልን ኤድዋርድስ ፖታሞናውቴስ ኒሎቲከስን ጨመረ። እነዚህን ሁለቱን መለየት አያስቸግርም፦ የኒሎቲከስ ቅርፊት የፊት ጎኑ ሹል እሾህ አለው፣ የበራርዲ ግን ለስላሳ ነው። ጀማሪ ተማሪም አይስታቸውም። ችግሩ እንዲህ በዓይን የሚለዩት ጥቂቶች መሆናቸው ነው።

የስሚዝሶኒያኗ ሜሪ ራትበን ከ1904 እስከ 1906 በፓሪስ ሙዚየም መጽሔት ያወጣችው ሰፊ ሥራ የዓለምን የወንዝ ሸርጣኖች በአንድ ላይ የሰበሰበ ነው። ራትበን ረዳት እንዲቀጠርላት ብላ በ1914 የራሷን ደመወዝ የተወች፣ ከዚያም በኋላ ያለ ክፍያ ስትሠራ የኖረች ሴት ናት፤ ትጋቷን የሚጠራጠር የለም። ሆኖም በዘመኑ ልማድ ትልቁን ክብደት የሰጠችው ለቅርፊቱ ቅርጽ ነበር። ቅርፊት ደግሞ ያታልላል። ሸርጣኑ በየጊዜው ቅርፊቱን እየጣለ ሲያድግ ጎኑ ይሰፋል፣ ጀርባው ያብጣል፣ በትንሽነቱ ጎልቶ የነበረው ጥርስ ይደበዝዛል። በትልልቅ ወንዶች አንደኛው መቆንጠጫ ከሌላው በልጦ ያድጋል፤ ጣቱም እንደ ቀስት ሊጎብጥ ይችላል። ስለዚህ የአንድ ዝርያ ትንሹና ትልቁ ከሁለት የተለያዩ ዝርያዎች ይልቅ ሊራራቁ ይችላሉ።

አስተማማኙ ምልክት ተሸሽጎ ነው ያለው። ሸርጣኑን ከአልኮል አውጥተን በጀርባው ስናስተኛው ከሆዱ ሥር የታጠፈ ጅራት መሰል ክፍል እናያለን፤ በጎለመሰች እንስት ሰፊና ክብ ሆኖ እስከ እግሮቿ ሥር ይደርሳል፣ በወንዱ ግን ጠባብ ሦስት ማዕዘን ነው። የወንዱን በወረንጦ ቀስ ብለን ስንገልጠው ጎኖፖድ የሚባሉ ሁለት ጥንድ የመራቢያ እግሮች ብቅ ይላሉ። በማይክሮስኮፕ ሥር የመጀመሪያው ጥንድ የመጨረሻ ክፍል ቀጥ ማለቱ ወይም ወደ ውጭ መታጠፉ፣ ወገቡ ላይ መስፋቱ፣ ጫፉ መሾሉ፣ ከበታቹ ካለው ክፍል ጋር ሲነጻጸር ርዝመቱ ስንት እንደሆነ ይታያል። ዝርያዎቹ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ከዚያ ቀጥሎ የደረቱ ቅርፊት ቦዮች፣ ከዓይኖቹ ኋላ የሚያልፈው ጠርዝ ሙሉ መሆን አለመሆኑ፣ አፉን የሚሸፍኑት እግሮች ላይ ቀጥ ያለ ጭረት መኖር አለመኖሩ ይመዘገባል።

የፍራንክፈርቱ ሪቻርድ ቦት በ1955 የአፍሪካን ሸርጣኖች እንደገና ሲመድብ ጎኖፖድን ከፊት አሰለፈ። በዘዴው ትክክል ነበር፤ በድምዳሜው ግን እጁ ቸኮለ እላለሁ። በርካታ ዝርያዎችን በንኡስ ዝርያ ደረጃ እያዋረደ አንድ ላይ አጎራቸው፤ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ብዙዎቹን መልሰው ወደ ዝርያነት ከፍ አድርገዋል። ምክንያቱ ከእንስሳው ሕይወት ይመነጫል። የባሕር ሸርጣን ዕጭ በውኃ ሞገድ ሩቅ ይጓዛል፤ የወንዝ ሸርጣን ግን ዕጭ የለውም፣ ከእንቁላሉ የሚወጣው ደቃቅ ሸርጣን ሆኖ ነው፤ እናቱም ከሆዷ ሥር ይዛው ትቆያለች። ተራራና ሸለቆ የለያያቸው ወገኖች በየፊናቸው ይቀራሉ። በደቡብ አፍሪካ ፖታሞናውቴስ ፐርላተስ በሚለው ስም ሥር ይቆጠሩ የነበሩ ሸርጣኖች ከ1990ዎቹ ጀምሮ በቅርጽና በዘረመል ጥናት ተከፋፍለው በርካታ ስሞች አግኝተዋል።

ዘረመል የመጣው ጠርሙሱን ሊተካ አይደለም። ናሙና የሚታሸግበት ፎርማሊን ዲኤንኤን ይሰባብራል፤ እየቆየ አሲድ ሲሆን ደግሞ የቅርፊቱን ካልሲየም ይበላል። አልኮል ይሻላል፣ ቀለሙን ግን ያጠፋል። የቀለም ነገር ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ከባሕር ጎረቤታችን ማየት ይቻላል። ሊኒየስ በ1758 የሰየመው ፖርቱነስ ፔላጂከስ ከቀይ ባሕር እስከ አውስትራሊያ የተዘረጋ አንድ ዋናተኛ ሸርጣን ነው ሲባል ቆይቷል። ላይ፣ ንግና ዴቪ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2010 የየሙዚየሙን ናሙናዎች ከቀለም፣ ከጎኖፖድና ከዲኤንኤ ጋር አስተያይተው አራት ዝርያ መሆኑን አሳዩ። የቀይ ባሕሩ ድርሻ የሆነው ስም አዲስ አልነበረም፤ በየመን የሞተው ፎርስኮል ትቶት በ1775 የታተመው «ሴግኒስ» ነው። ከሁለት ምዕተ ዓመት በላይ ከሌላ ስም ሥር ተቀብሮ ነበር።

ጠርሙሱ ራሱም ሟች ነው። በ1943 የሐምቡርግ የእንስሳት ሙዚየም በቦምብ ሲወድም በአልኮል የነበረው ስብስብ የተረፈው ቀደም ብሎ ወደ ምድር ውስጥ ባቡር ዋሻ ስለ ተወሰደ ነው። ናሙናው ሲጠፋ ደንቡ ምትክ ናሙና እንዲሰየም ይፈቅዳል፤ ምትኩ ግን ከመጀመሪያው ቦታ ወይም ከአቅራቢያው እንዲገኝ ይፈለጋል፤ ቦታው ካልተጻፈስ? ብሩኖ ፓሪሲ በ1923 ፖታሞናውቴስ ኢግኔስቲን የገለጸበት ጽሑፍ በርዕሱ «ከአቢሲኒያ» ይላል። እንዲህ ያለ ቃል በመለያ ወረቀት ላይ ብቻውን ሲገኝ ከተከዜ እስከ ኦሞ ያለውን አገር ሁሉ ይይዛል።

ጉዳዩ የመጽሐፍ ትል ክርክር ብቻ እንዳይመስል። በ1950 ቫን ሶመረንና ማክማሆን በኬንያ የኦንኮሰርኪያሲስ (የወንዝ ዳር ዕውርነት በሽታ) አስተላላፊ የሆነችው ዝንብ፣ የሲሙሊየም ኒያቬ፣ ዕጮች በወንዝ ሸርጣን ገላ ላይ ተጣብቀው እንደሚያድጉ አሳወቁ። የዚያው ወገን የሆነች ዝንብ፣ ሲሙሊየም ኢትዮፒየንሴ፣ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ትገኛለች። የትኛው ሸርጣን እንደሚሸከማት ለማወቅ ሸርጣኖቹን መለየት ይቀድማል።

እንግዲህ በየወንዙ ለዓሣም ይሁን ለውኃ ጥናት የሚወርዱ ባልደረቦች ከሸርጣኖቹ የጎለመሱ ወንዶችን አብረው ይያዙ፤ ከእግሩ ቁራጭ ሥጋ በንጹሕ አልኮል ለይተው ያኑሩ፤ ቀለሙን ሳይደበዝዝ ፎቶ ያንሡ፤ የወንዙን ስም፣ ከፍታውንና ቀኑን በእርሳስ ጽፈው ወረቀቱን ከጠርሙሱ ውጭ ሳይሆን ከውስጥ ይጨምሩ። ከዚያም ናሙናውን በቢሮ መደርደሪያ ከማስቀረት ይልቅ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ያስረክቡ።