የግድግዳ ወረቀትና ባለቤቱ

ለደብረ ታቦር ልጅ «ጀርመን» ሲባል ቀድሞ የሚታወሰው ጋፋት ነው፤ አፄ ቴዎድሮስ ከጀርመንና ከስዊስ የመጡትን ሚሲዮናውያን አስቀምጠው ሴባስቶፖልን ያሠሩበት ቦታ። እኛ ዛሬ የምናነሣው ግን መድፍ ሳይሆን ወረቀት ነው፤ የፊልም ፖስተር። (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

መቼም የጭቃ ግድግዳው በአሮጌ ጋዜጣ በተለበጠ ቤት ያደገ ሰው የወረቀትን ዕድሜ ያውቃል። አዲሱ በአሮጌው ላይ ይለጠፋል፤ አሮጌው ይረሳል። በርሊንም እንደዚሁ ነበረች። በ1929 እና በ1930 ፊልም አፍ አውጥቶ መናገር ሲጀምር ፖስተሩን ሠዓሊ ይሥለዋል፣ በትልቁ ይታተማል፣ በየመንገዱ በቆሙት ክብ ምሰሶዎች ላይ ይለጠፋል። ፊልሙ ሲወርድ ሌላ ይለጠፍበታል። የተረፈው ጥቂት ስለሆነ ዛሬ ሰብሳቢዎች በውድ ዋጋ ይሻሙበታል።

ታዲያ ማን አስቀመጠው? አንዱ ሐንስ ሳክስ የሚባል የበርሊን የጥርስ ሐኪም ነው። ከተማሪነቱ ጀምሮ የሰበሰበውን 12,500 ያህል አደረሰው። በ1905 የፖስተር ወዳጆች ማኅበር አቋቋመ፤ መጽሔትም አወጣ። ማርሌነ ዲትሪክ የሠራችበት የ1932ቱ «ብሎንድ ቬኑስ» ፖስተርም ከስብስቡ ውስጥ ነበር።

ሰውየው አይሁዳዊ ነበርና በ1938 ጌስታፖ ሁሉንም ወሰደበት። ታስሮ ተፈታ፤ ወደ አሜሪካ ተሰደደ። ስብስቡ ጠፍቷል ተብሎ የምዕራብ ጀርመን መንግሥት በ1961 225,000 ማርክ ካሳ ከፈለው። ለካስ ከፊሉ በምሥራቅ በርሊን ሙዚየም ተቀምጦ ኖሯል! ሳክስ በ1974 ሞተ፤ ክርክሩን ልጁ ቀጠለ። በ2012 የጀርመን ፌዴራል ፍርድ ቤት ባለቤትነቱ አልተቋረጠም ብሎ ፈረደ፤ ከ4,000 የሚበልጡ ፖስተሮች ተመለሱ። በዓመቱ ኒው ዮርክ ላይ ለጨረታ ይቀርቡ ጀመር። ስብስቡ በመበተኑ ያዘነ ሰው አይጠፋም። እኛ ግን የራሱን ንብረት የሚሸጥን ሰው ምን ብለን እንከሳለን?

ይህን ስናነብ መቅደላ ትዝ አለን። በ1868 የእንግሊዝ ጦር ከዘረፈው ውስጥ 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ለንደን ገቡ፤ አብዛኞቹ እስከ ዛሬም እዚያው ናቸው። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን አፄ ቴዎድሮስም ብዙዎቹን ያመጧቸው ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ነው፤ ጎንደርም በ1866 በእሳቸው ጦር ተዘርፋ ተቃጥላለች። ስለዚህ «ይመለስልን» ስንል «ለማን?» ለሚለውም መልስ ማዘጋጀት አለብን። ጥያቄው ከባድ ነው፤ ከባድ መሆኑ ግን ለያዘው ሰው መብት አይሰጠውም። በርሊን ላይ 74 ዓመት ማለፉም ሆነ ካሳው ባለቤትነቱን አላጠፋውም።

የሳክስን ልጅ የረዳው ወረቀቱ የማን እንደነበረ መታወቁ ነው። እኛም ለክረምት ወደ ቤት ስንገባ ከግድግዳው ላይ ያለውን ጋዜጣና ፖስተር ከመቅደዳችን በፊት ዓመቱን እንይ፤ የሚነሣውንም በጥንቃቄ እናንሣ። ከጀርባውም ከማን ቤት እንደተገኘ እንጻፍበት።