ዎርድፕረስን ማሻሻልና ማዛወር

ዎርድፕረስ ለብሎግና ለድረ ገጽ የሚያገለግል ነጻ የይዘት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ነው። ማት ሙለንዌግና ማይክ ሊትል ቢ2 ከተባለ ቀደምት ፕሮግራም በመነሳት እ.ኤ.አ. በ2003 አወጡት።

ጽሑፎችና አስተያየቶች በዳታቤዝ፣ ፎቶዎችና ገጽታዎች ደግሞ በፋይል መልክ በሰርቨሩ ላይ ይቀመጣሉ። ስለዚህ ሶፍትዌሩን ከማሻሻል ወይም ወደ ሌላ ሰርቨር ከማዛወር በፊት የሁለቱም መጠባበቂያ ቅጂ ይያዛል። አንዱ ብቻ ከተቀዳ ብሎጉ በሙሉ አይመለስም።

በግዕዝ ፊደል ለሚጻፍ ብሎግ ትልቁ አደጋ የፊደላት ኮድ መለያየት ነው። እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይይዛል። የማይኤስኪውኤል ዳታቤዝ ግን ከ8.0 እትም በፊት፣ ሌላ ካልተመረጠለት በቀር፣ ላቲን-1ን ይጠቀም ነበር። ከዝውውር በኋላ በአንድ ፊደል ፋንታ የተደረደሩ የላቲን ምልክቶች ከታዩ፣ ባይቶቹ ብዙውን ጊዜ አልጠፉም፤ ኮዱ ሲስተካከል ጽሑፉ ይመለሳል። በዳታቤዙ ውስጥ የጥያቄ ምልክት ተተክቶ ከተቀመጠ ግን ፊደሉ ጠፍቷል፤ የሚገኘው ከመጠባበቂያ ቅጂ ብቻ ነው።

በዚህ ምክንያት አዲሱ ብሎግ ተከፍቶ የቆዩ ጽሑፎች በትክክል መነበባቸው እስኪረጋገጥ ድረስ አሮጌው ሰርቨር አይዘጋም።