ያላለቀ ኤምጂቢ
ባለ ሁለት መቀመጫ ክፍት የስፖርት መኪና፣ 1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.)፣ አቢንግደን፣ እንግሊዝ
1,798 ሲሲ፣ 4 ሲሊንደር። እድሳቱ አልተጠናቀቀም።

ኤምጂቢ ከ1962 እስከ 1980 እ.ኤ.አ. ከ500,000 በላይ ተመርቷል፤ ብርቅ አይደለም። ይህኛው ለእይታ የቀረበው ገላው ስለተከፈተ ነው።

ለብቻው የቆመ ሻንሲ የለውም። ሸክሙን የሚችለው ላሜራው ራሱ ነው፤ በተለይ ከበሮቹ ስር ያለው ውስጡ ባዶ ደፍ። ውሃ የሚቋጥረውም፣ ቀድሞ የሚዝገውም እሱ ነው። ላሜራ ሠሪው ገላውን ሳይደግፍ ደፉን ከቆረጠ መኪናው ወገቡ ይጎብጣል፣ በሮቹም አይገጥሙም። በስቱኮ ደፍኖ ቀለም መቀባትም ይቻላል፤ እሱ ግን እድሳት አይባልም፣ ለገዢ ማዘጋጀት ነው እንጂ።

መሪው በቀኝ ነው። እስከ 1956 ዓ.ም. አገራችን በግራ ትነዳ ስለነበር ያኔ ቦሌ ላይ እንግዳ አይሆንም ነበር። ዛሬ ከሩዋንዳ ሰፈር እስከ ቦሌ ጎዳናውን የሞላው በሚሊሜትር ቁልፍ የሚፈታው ቶዮታ ነው፤ የዚህኛው ቦልቶች ግን በኢንች የተለኩ በመሆናቸው የሚሊሜትር ቁልፍ በደንብ አይዛቸውም።

ሁለቱ ኤስዩ ካርቡሬተሮችም ከ2,300 ሜትር በላይ ባለው በሳሳው የአዲስ አበባ አየር ቤንዚን ይበዛባቸዋል፤ መርፌያቸው ወፈር ባለ ይለወጣል።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለዚህ እዚህ ያለን አሮጌ መኪና አፍርሶ ከመሸጥ ማደስ ይሻላል።

እባክዎ በሩን አይሳቡ፤ በጊዜያዊ ቦልት ብቻ ነው የተያዘው።